ካሜራው ይበራል፣ ቪዲዮው ግን የለም፦ ስለ ዳሽ ካም ሜሞሪ ካርድ የጠየቃችሁን

ዳሽ ካም (መኪና ውስጥ ሆኖ መንገዱን የሚቀዳ ካሜራ) የገጠሙ አንባቢዎቻችን እየበዙ ነው መሰለኝ፣ ሰሞኑን የሚመጡልን ጥያቄዎች ከመኪናው ይልቅ ስለ ካሜራው ሆነዋል። ከካሜራውም ይልቅ ውስጡ ስለምትገባው ትንሽ ሜሞሪ ካርድ። አይገርምም። ካሜራ ሲበላሽ ስክሪኑ ይጠፋል፣ ወዲያው ታውቃላችሁ። ካርዱ ሲበላሽ ግን ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት የለውም፤ መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለች፣ የሚቀዳ እየመሰለ ይቀጥላል። ነገሩ የሚታወቀው ቪዲዮው የተፈለገ ዕለት ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌ፣ የረዘሙትን አሳጥሬ እነሆ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። አዲስ አበባ ራይድ ነው የምሠራው፣ መኪናዬ ቪትዝ ነች። 256 ጊጋ ሜሞሪ በጥሩ ዋጋ አግኝቼ ገዛሁና ዳሽ ካሙ ውስጥ ከተትኩት። ባለፈው አንድ ሚኒባስ ከኋላ ገጭቶኝ ሲያበቃ ጥፋቱ ያንተ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ቪዲዮውን ላሳየው ብዬ ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው የፋይሎቹ ስም አለ፣ መጠናቸውም አለ፣ ግን አንዱም አይከፈትም። ስገዛው ሰሞን የቀዳቸው ቪዲዮዎች ግን ጥሩ ይሠሩ ነበር። ችግሩ የካሜራው ነው የካርዱ?

መልስ፦ የካርዱ ነው ወንድሜ። ያውም ፎርጂድ ነው የሚመስለኝ፣ የነገርከኝ ምልክት በሙሉ ወደዚያ ነው የሚያመለክተው።

ፎርጂድ ካርድ የሚሠራው እንዲህ ነው። ውስጡ ያለው እውነተኛ ቦታ 16 ወይም 32 ጊጋ ሊሆን ይችላል። ካርዱን የምታዝዘው ኮንትሮለር የምትባል ቺፕ ግን ለጠየቃት ሁሉ «256 ነኝ» ብላ እንድትመልስ ተደርጋለች። ኮምፒውተሩም ካሜራውም ያምናታል። እውነተኛው ቦታ እስኪሞላ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው፤ መጀመሪያ ሰሞን የቀዳው የሚከፈተው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቪዲዮ ወይ የትም ሳይገባ ይቀራል፣ ወይ ዞሮ መጥቶ የቀድሞው ላይ ይጻፍበታል። ስሙና መጠኑ ይመዘገባል፣ ውስጡ ግን ባዶ ወይም ዝባዝንኬ ነው። ካሜራህ የታዘዘውን ሁሉ አድርጓል፣ ምንም አላጠፋም።

ፎርማት አድርጌው ችግር የለበትም የሚሉ ሰዎች አሉ። ተራው ፎርማት የፋይሎቹን ዝርዝር የሚይዘውን ማውጫ ብቻ ስለሚያድስ ፎርጂዱም ያልፋል። ማሸጊያውም ማስረጃ አይሆንም፣ ካርዱን አስመስሎ የሠራ ሰው ወረቀቱን ማተም አያቅተውም። የሚያዋጣው ካርዱን ሞልቶ መፈተን ነው። ለዊንዶውስ ኤችቱቴስትደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ከጀርመን የመጣ፣ ያረጀ ግን እስካሁን የሚሠራ። ለማክና ለሊኑክስ ደግሞ ኤፍ3 አለ። ሁለቱም ካርዱን ጢም አድርገው በዳታ ይሞሉትና የጻፉትን መልሰው አንብበው ያመሳክራሉ፤ 256 ብሎ 30 ብቻ ልክ ሆኖ ከተገኘ ጉዳዩ አለቀ። ትልቅ ካርድ ከሆነ ሰዓታት ይፈጃል፣ ማታ ለቀኸው ተኛ። ባዶ ካርድ ላይ ብቻ አድርገው፣ የምትፈልገው ነገር ካለ አስቀድመህ ገልብጠው።

አንድ ነገር እንዳያደናግርህ፦ እውነተኛው 256 ጊጋ ካርድ ዊንዶውስ ላይ 238 አካባቢ ነው የሚያሳየው፣ 64ቱ ደግሞ 59። ይሄ ማጭበርበር አይደለም። አምራቹ በ1,000 እያባዛ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024።

መርካቶም ግዛ ቦሌ፣ ወይም ከውጭ አስልክ፣ ብር ከመክፈልህ በፊት «ዛሬ ማታ እፈትነዋለሁ፣ ካልሆነ ነገ አመጣዋለሁ» በልና ፊቱን እየው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ ከጀርባው ተለጥፎ እሺ የሚልህ ከሆነ ዕቃውን የሚያውቅ ነጋዴ ነው። ማንገራገር ከጀመረ ሌላ ሱቅ አለ። ደግሞ 256ቱ የ32ቱን ዋጋ ከተጠራልህ ፕሮግራምም አያስፈልግህም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ኡበር እሠራለሁ። ጡረታዬ ስለተቃረበ ብዙ ውጣ ውረድ አልፈልግም። ካርዴ እውነተኛ ነው፣ ተፈትኗል። ላዩ ላይ 170 ሜጋ፣ ቪ30፣ ኤ2 የሚል ተጽፎበታል፤ ልጄ ነው ከዚህ የሚፈጥን የለም ብሎ የመረጠልኝ። ገና ዓመት ሳይሞላው ካሜራው የካርድ ስህተት እያለ ይጮህብኛል። ፎርማት ሳደርገው ለጥቂት ቀን ይሻለውና ይመለስበታል። የፊትና የውስጥ፣ ሁለት ካሜራ ነው ያለኝ።

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጅዎ ጥሩ ካርድ ነው የመረጠልዎት። ለስልክ።

ላዩ ላይ ያሉትን ቁጥሮች እንያቸው። 170 ሜጋ ሲባል ካርዱ ሲነበብ በሰከንድ ሊደርስበት የሚችለው ትልቁ ፍጥነት ነው፤ ዳሽ ካም ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚጽፍ እንጂ የሚያነብ አይደለም። ኤ2 ስልክ ላይ አፕሊኬሽን ከካርዱ እንዲሠራ የወጣ ምልክት ነው፣ ለእርስዎ ምንም አይፈይድም። ቪ30 ግን ቁም ነገር አለው፦ ካርዱ ሳይቋረጥ በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት ይጽፋል ማለት ነው። ዩ3 የሚለውም ያው 30 ነው፣ ዩ1 እና ክላስ 10 ደግሞ 10። አሁን ካሜራዎ ስንት እንደሚፈልግ ይመልከቱ። ፉል ኤችዲ የሚቀዳ አንድ ካሜራ በሰከንድ በ26 ሜጋቢት ቢቀዳ፣ 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ፣ በሰከንድ 3 ሜጋባይት ከሩብ ነው። ሁለቱ ካሜራ ሲደመር 6 ተኩል። ክላስ 10 እንኳ ይበቃዋል። 4ኬ ካሜራ ቢኖርዎት ቪ30 ይያዙ እል ነበር፣ ከዚያ በላይ ለፍጥነት የሚከፈል ገንዘብ ግን ለዳሽ ካም የባከነ ነው።

ታዲያ ካርዱን ምን ገደለው? መጻፉ ራሱ።

ካርዱ ውስጥ መረጃ የሚይዙት ጥቃቅን ክፍሎች ተሰርዘው በተጻፈባቸው ቁጥር ትንሽ ትንሽ ያረጃሉ። ርካሽ ለማድረግ ሲባል ደግሞ ዛሬ አንዱ ክፍል 3 ቢት ይጫንበታል፣ በአንዳንዱ 4። ብዙ በተጫነበት መጠን ቶሎ ይደክማል። ስልክ ውስጥ ይሄ ችግር አይታይም፤ ፎቶ አንዴ ይጻፋል፣ ከዚያ መቶ ጊዜ ይታያል። እርስዎ ጋ ግን በ26 ሜጋቢት በሰዓት 11.7 ጊጋ፣ በሁለት ካሜራ ከ23 ጊጋ በላይ ይጻፋል። ካርዱ 64 ጊጋ ቢሆን ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሞልቶ ከላይ እንደገና መጻፍ ይጀምራል። በቀን 10 ሰዓት ቢሠሩ በቀን ከሦስት ጊዜ በላይ ተገለበጠ፣ በዓመት ከ1,000 ጊዜ በላይ። ስለዚህ ሜሞሪ ካርድን እንደ ፍሬን ሸራ ይዩት፣ የሚያልቅ ዕቃ ነው። ፎርማት ሲያደርጉት ለጥቂት ቀን የሚሻለው ካርዱ የሞቱትን ክፍሎች እየዘለለ ስለሚሞክር ሊሆን ይችላል፤ መጠባበቂያው ሲያልቅ የሚዘለልበት ቦታ የለም። አንዳንዱ ካርድ ጭራሽ ይቆልፋል፣ ማንበብ ብቻ ይሆናል። ይሄን ማወቅ ይቻላል፦ ፋይሎቹን ያጥፉ፣ ካርዱን አውጥተው መልሰው ይክተቱ። የጠፉት ፋይሎች ተመልሰው ከመጡ ካርዱ አብቅቷል፣ ይጣሉት።

አሁን የሚገዙት «ኢንዱራንስ» የሚል የተጻፈበትን ነው። ቀን ከሌሊት ለሚጽፍ ካሜራ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ዕድሜውም በሰዓት ይነገራል። እዚህ ላይ ግን ይጠንቀቁ፣ ቃሉ አንድ ሆኖ ሰዓቱ በጣም ይለያያል። ሳንዲስክ ሁለት አለው። ሃይ ኢንዱራንስ የሚባለው በ128 ጊጋው 10,000 ሰዓት ነው፣ ማክስ ኢንዱራንስ የሚባለው በዚያው 128 ጊጋ 60,000 ሰዓት። ስማቸው ይመሳሰላል፣ ዕድሜያቸው ስድስት እጥፍ ይራራቃል። የሳምሰንግ ፕሮ ኢንዱራንስ በ128 ጊጋ 70,080 ሰዓት ይላል፤ ይህች ቁጥር ለምን እንዲህ ጎደሎ ሆነች ካሉ፣ 8 ዓመት ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ስትባዛ ናት። ሁሉም የተሰላው በ26 ሜጋቢት ነው። የእርስዎ ሁለት ካሜራ ስለሆነ በግማሽ ይቀንሱት፣ 4ኬ ከሆነም እንደዚሁ። የ10,000ው ካርድ ለእርስዎ 5,000 ሆነ ማለት ነው፤ በቀን 10 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢሠሩ ከዓመት ተኩል ጥቂት አለፍ ይላል። የ60,000ው ግን በወረቀት ላይ የሚያልቀው ከጡረታዎ በኋላ ነው። በወረቀት ላይ ያልኩት ሙቀቱም የካሜራው ኃይል መቆራረጡም የራሳቸውን ስለሚወስዱ ነው። ቢሆንም ማክሱን ወይም ፕሮውን ይውሰዱ።

መጠኑስ? 128 እላለሁ። ሰፊ ካርድ የሚጠቅመው ብዙ ቀን ስለሚያስቀምጥ ብቻ አይደለም፣ እርጅናውም በብዙ ክፍል ላይ ስለሚከፋፈል ነው። ሰዓቱን ይዩት፣ የማክስ 64ቱ 30,000 ሲሆን 128ቱ 60,000 ነው፣ ልክ እጥፍ። ዋስትናውንም ያንብቡ። አንዳንድ አምራቾች ተራውን ካርድ ዳሽ ካም ውስጥ ካዋሉት ዋስትናው አይሠራም ብለው በደቃቁ ጽሑፍ ያስቀምጣሉ።

ጎን ለጎን አንድ ነገር፣ ካርድ ባይሆንም። የውስጥ ካሜራዎ ድምፅ የሚቀዳ ከሆነ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል፣ ሜሪላንድ ግን የሁሉንም ይጠይቃል። እርስዎ ሜሪላንድ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ሳይሻገሩ የሚውሉበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ወይ ድምፁን ያጥፉት፣ ወይ ተሳፋሪው የሚያየው ማስታወቂያ መስኮቱ ላይ ይለጥፉ።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነኝ፣ ሚኒባስ ሹፌር። ካሜራው አሮጌውን እያጠፋ አዲሱን ይቀዳል ተብዬ ነበር የገዛሁት። አሁን ግን በየሳምንቱ ካርዱ ሞልቷል እያለ ይቆማል። ካርዱ ኢንዱራንስ ነው፣ አዲስ ነው።

መልስ፦ ካርድህ ደህና ነው፣ መንገዱ ነው።

ካሜራው ውስጥ ጂ ሴንሰር የሚባል ንቅናቄ የሚያይ ነገር አለ። ኃይለኛ መንገጫገጭ ሲሰማው ግጭት ነው ብሎ የዚያን ደቂቃ ፋይል ይቆልፋል፣ ከዚያ በኋላ ሉፑ (አሮጌውን እያጠፋ አዲሱን የሚቀዳው ዙር) አያጠፋውም። ጀርመን መንገድ ላይ ጥሩ ሐሳብ ነው። እኛ ኮብልስቶን ላይ፣ ብሬከር ላይ፣ ጉድጓድ ላይ ግን ካሜራው በቀን ሃያ ጊዜ የተገጨህ ይመስለዋል። የተቆለፈው እየተከማቸ ለአዲሱ ቦታ ያጣል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ጂ ሴንሰሩን ዝቅተኛው ላይ አድርገው፣ እሱም ካልበቃ አጥፋውና አስፈላጊ ሲሆን ራስህ የመቆለፊያውን ቁልፍ ተጫን። ፓርኪንግ ሞዱንም (መኪናው ቆሞ ሳለ የሚቀዳበትን) ተመልከት፤ መናኸሪያ ውስጥ ሰው በተደገፈህ ቁጥር የሚቀዳ ከሆነ ካርዱንም ባትሪህንም ይበላል። የተቆለፉትን ፎልደር አንዴ ባዶ አድርገው፣ ከዚያ በወር አንዴ እዚያው ካሜራው ላይ ፎርማት ማድረግ ልማድህ ይሁን። ኮምፒውተር ላይ አይደለም፣ ካሜራው ላይ፤ የፋይሎቹን አደራደር እሱ በሚፈልገው መንገድ ነው የሚያዘጋጀው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምኖረው። በበጋ መኪናዬ ፀሐይ ላይ ውላ ስገባ ካሜራው አይነሳም፣ ካርዱን ሳወጣው እጄን ያቃጥለኛል። የመጨረሻዎቹ ቪዲዮዎችም ተበላሽተው ነው የማገኛቸው። ሙቀት የሚችል ካርድ ካለ ንገሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ካርዱ ካሜራው ከሚችለው በላይ ሙቀት ይችላል። አብዛኞቹ ጥሩ ካርዶች እስከ 85 ዲግሪ እንሠራለን ይላሉ፤ ካሜራው ግን ብዙ ጊዜ 60 ወይም 70 ላይ ያበቃለታል። መስታወት ላይ የተለጠፈ ካሜራ ደግሞ በእናንተ ሐምሌና ነሐሴ እዚያ መድረስ አያቅተውም። ስለዚህ አልነሳም ያለሽ ካሜራው ነው።

የተበላሹት የመጨረሻ ቪዲዮዎች ግን ሌላ ምክንያት ሳይኖራቸው አይቀርም። ሞተር ሲጠፋ ካሜራው የጀመረውን ፋይል ለመዝጋት ጥቂት ሰከንድ የሚያቆየው ኃይል ያስፈልገዋል። ርካሾቹ ለዚህ ትንሽ ሊቲየም ባትሪ ነው የያዙት፤ እሷ በሙቀት ታብጣለች፣ ትደክማለች፣ ፋይሉም ሳይዘጋ ይቀራል። በባትሪ ፋንታ በሱፐርካፓሲተር (ኃይል ለአጭር ጊዜ በሚያቆይ ክፍል) የሚሠራ ካሜራ ፈልጊ፣ ሙቀት አገር ላለ ሰው ከካርዱም ከፒክሰሉም በፊት የምጠይቀው እሱን ነው። የካሜራው ጀርባ ወጣ ወጣ ብሎ ካበጠ ደግሞ ዛሬውኑ አውጪው፣ ለእሳት የሚዳርግ ነገር ነው።

ካርዱ እጅ ያቃጥላል ያልሽው ልክ ነው፣ የሚገርም አይደለም። ግን ሙቀት ላይ የቆየ ካርድ የያዘውን መረጃ ቶሎ ይለቃል፤ የምትፈልጊው ቪዲዮ ካለ እዚያ አታስቀምጪው፣ ቶሎ ገልብጪው። በበጋ ወራት ፓርኪንግ ሞዱን አጥፊ። ካሜራው ከመያዣው የሚነቀል ከሆነ ስትወርጂ ነቅለሽ የዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ክተቺው። የመስታወት ፀሐይ መከላከያው ለካሜራው አይረዳውም፣ እንዲያውም በመስታወቱና በመከላከያው መሃል ይጠበሳል።

ጥያቄ፦ አሮጌ ካሜራ አለኝ፣ መመሪያው እስከ 32 ጊጋ ይላል። 64 ብከትበት ይፈነዳል?

መልስ፦ አይፈነዳም፣ ላያውቀው ግን ይችላል። እስከ 32 ያሉት ካርዶች ፋት32 በሚባል አደራደር ነው የሚመጡት፣ ከዚያ በላይ ያሉት ኤክስፋት በሚባል። አሮጌ ካሜራ ሁለተኛውን አያነብም። ከትተኸው ፎርማት ላድርገው ካለ እሺ በለው፣ አንዳንዱ ራሱ ወደ ፋት32 ይቀይረውና ይሠራል። ከዚያ ግን ለጥቂት ቀን ሞልቶ ሲገለበጥ ፋይሎቹ መከፈታቸውን አረጋግጥ፣ ስለገባ ብቻ አትመነው።

ጥያቄ፦ የድሮ ስልኬ ውስጥ የነበረውን ካርድ መጠቀም እችላለሁ?

መልስ፦ አትችልም አልልም። ለገንዘብህ ስትል ለሳምንት ማቆያ ይሁን።

ጥያቄ፦ ትናንት ተገጨሁ፣ ካሜራው እየቀዳ ነበር። ዛሬ ኢንሹራንስ ቪዲዮ አምጣ አሉኝ። ካርዱን እስካሁን አላወጣሁትም፣ መኪናውንም እየነዳሁት ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መንዳቱን አቁም፣ አሁኑኑ።

በየኪሎሜትሩ ሉፑ ወደ ትናንት እየተጠጋ ነው። ካሜራው ራሱ ቆልፎት ከሆነ ዕድለኛ ነህ፣ ካልሆነ አሮጌውን ሲያጠፋ ያንተኛውን አይመርጥልህም። ጠፍቶ በላዩ ካልተጻፈበት የመመለሻ ፕሮግራሞች ሊያወጡት ይችላሉ፤ በላዩ ከተጻፈበት ግን ማንም አይመልሰውም፣ እመልሳለሁ ብሎ ብር የሚጠይቅህን አትስማው። ሞተሩን አጥፋ፣ የካሜራው መብራት እስኪጠፋ ጠብቅ፣ ከዚያ ካርዱን አውጣ። እየቀዳ ሳለ የተነቀለ ካርድ ያንን ፋይል ብቻ ሳይሆን ማውጫውን ጭምር ሊያበላሽ ይችላል።

ኮምፒውተር ላይ የግጭቱን ፋይል፣ ከፊቱና ከኋላው ያሉትንም ጭምር ገልብጥ፤ ከግጭቱ በፊት ያለው ደቂቃ ማን በየት ረድፍ እንደነበረ የሚያሳየው እሱ ነው። በቴሌግራም የምትልክ ከሆነ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላከው፣ አለበለዚያ ይጨመቅና ታርጋው አይነበብም። ሌላም አለ፦ ካሜራህ ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ ነው፣ ሰዓቱም እንደዚያው። 15፡20 የሚለው በእኛ ከቀኑ 9፡20 ነው። ትራፊክ ፖሊሱ የመዘገበው በእኛ ስለሚሆን ልዩነቱን በወረቀት ላይ ጽፈህ አብረህ ስጥ፣ ከሳምንታት በኋላ ፋይሉን የሚከፍተው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። የካሜራው ቀን ያልተስተካከለ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ስንት እንደሚልና እውነተኛው ስንት እንደሆነ ሁለቱንም በአንድ ፎቶ አንሳ።

ኮፒውን ስጣቸው፣ ዋናው ካርድ ግን አንተ ዘንድ ይቆይ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ ካሜራው ውስጥ አትመልሰው፤ እስከዚያ መኪናው ያለ ካሜራ እንዳይሄድ ሌላ ካርድ ዛሬውኑ ግዛና ማታ ፈትነው።